ለሰው ሳሎን ስፒከር ስመርጥ

ሱቁ ተዘግቶ ቁልፉን ያስረከብኩ ሰሞን ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንግዲህ ምን ልትሠሪ ነው?» ይለኝ ነበር። «አርፋለሁ» እላለሁ። የማያውቀኝ ከሆነ ደግሞ «ሥራሽ ምን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። «ስፒከር እመርጥ ነበር» ስለው ይስቃል፤ ቀልድ ይመስለዋል። ስቀጠር የተጻፈልኝ የሥራ መደብ ገንዘብ ያዥ የሚል ነው፤ ደመወዜም ሲከፈለኝ የኖረው በዚያው ነው። ነገር ግን ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ በነበረች አንዲት ጠባብ ሱቅ፣ ጎልማሳነቴን የጨረስኩት ለሰው ሳሎን የሚስማማ ስፒከር ስመርጥ ነው። አሁን ያ ሥራ የለም። ሰው ዘፈኑንም ዜናውንም ከኪሱ ከሚያወጣው ስልክ ይሰማል። እኔም ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ከዚያ በፊት የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ስታዲየም አጠገብ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቀኑን ሙሉ «ሃሎ፣ ማንን ላገናኝዎ?» ስል እውል ነበር። የማላየውን ሰው በድምፁ መለየት የተማርኩት እዚያ ነው። የተቆጣ፣ ሲያለቅስ የቆየ፣ አለቃውን ፈርቶ የሚንተባተብ፣ ሁሉም ገና «ሃሎ» ሲል ይታወቀኛል። እነሱ ግን እኔን አያውቁኝም። አገናኝቻቸው እወጣለሁ፤ የሚያወሩት የራሳቸው ነው። መንግሥት ተለውጦ መሥሪያ ቤቱ ሲታጠፍ ብዙዎቻችን ተቀነስን። ያኔ ሠላሳን ብዙም አላለፍኩም። እናቴ ከሞተች ዓመት አልሞላትም ነበር። እኔም ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በታች በተከራየኋት አንዲት ክፍል ብቻዬን እኖር ነበር።

ሥራውን ያገኘችልኝ አብራኝ የተቀነሰች ጓደኛዬ ናት። «አንድ የስፒከር ሱቅ ገንዘብ ያዥ ይፈልጋል፤ ሰውየው ደግ ናቸው» አለችኝ። ሰውየው ጋሽ ከድር ነበሩ። በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው፣ መርካቶ ራዲዮ ሲጠግኑ አድገው፣ በኋላ ካዛንቺስ የራሳቸውን ሱቅ የከፈቱ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው። ከፊት በኩል አዲስና ያገለገለ ስፒከር ይሸጣሉ፤ ከመጋረጃው ጀርባ የተበላሸ ይጠግናሉ።

በገባሁ በጥቂት ቀን ነው። ጋሽ ከድር አንድ ያገለገለ ጥንድ ጠግነው ጨርሰው ዜና ከፍተው ይሰማሉ። እኔ ደረሰኝ እየቆረጥኩ፣ እንዲያው ሳላስበው፣ «ሰውየው ጉንፋን ይዞታል እንዴ?» አልኩ።

ቀና አሉ። «የቱ ሰውዬ?»

«ዜና አንባቢው። በግራው በኩል በአፍንጫው ነው የሚያወራው። በቀኙ ደህና ነው።»

የግራውን ፈቱት። ድምፁን የሚያወጣው ክብ ወረቀት ከጠርዙ በጥቂቱ ተላቆ ነበር፤ በዓይን አይታይም፣ ጥፍራቸውን ሲያስገቡ ነው የታወቃቸው። መልሰው አጣብቀው ሲያደርቁት ዞረው አዩኝ።

«ይህን ጆሮ ከየት አመጣሽው?»

«ከስልክ» አልኳቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ቤት ሲሄዱ ይዘውኝ መሄድ ጀመሩ። «ሱቁንስ?» ስላቸው «ይዘጋል» ይሉኛል።

ጋሽ ከድር ሳሎኑን ሳያዩ ስፒከር መሸጥ አይወዱም ነበር። ቅርብ ሠፈር ከሆነ በእግር፣ ራቅ ካለ በታክሲ እንሄዳለን። በር ላይ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ባለቤቶቹ «ኧረ ግዴለም» እያሉ ቢለምኗቸውም ያወልቃሉ። ከገቡ በኋላ ሳሎኑ መሐል ቆመው አንድ ጊዜ ብቻ ያጨበጭባሉ። የካዛንቺስ አሮጌ የጭቃ ቤቶች ጭብጨባውን ዋጥ ያደርጉታል፤ እንዲህ ያለ ቤት ርካሽ ስፒከርን እንኳ ደህና ያስመስላል። ወለሉ እብነ በረድ፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት የሆነ አዲስ ቤት ግን ጭብጨባውን መልሶ ፊትህ ላይ ይወረውረዋል፤ እዚያ ሹል ድምፅ ያለው ስፒከር ካስገባህ ሰውየው በሳምንቱ ራሱን ይዞ ይመጣል። የአቡጀዴ ኮርኒስ ያለው ቤት ደግሞ ቤዝ ሲበዛበት ኮርኒሱ እንደ ሸራ ይርገበገባል፤ አቧራው ራስ ላይ ይራገፋል። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ እያሳዩኝ ነው። ቁጭ ብለው «ተማሪ» ብለውኝ አያውቁም።

ቀጥለው የሚጠይቁት «ሲያርፉ የት ነው የሚቀመጡት?» የሚለውን ነው። ሰውየው ወንበሩን ያሳያቸዋል። «እንድቀመጥ ይፈቀድልኛል?» ብለው እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ዘፈን አያስከፍቱም፤ ዜና ወይም ወሬ ያስከፍታሉ፤ ያውም ዝግ አድርገው። «ዘፈኑን ዘፋኙ እንዴት እንደዘፈነው አናውቅም፤ የሰው ወሬ ግን ሁላችንም ለምደነዋል። ሲበላሽ ይታወቃል» ይሉ ነበር።

አቅሙ አነስ ላለ ሰው ምክራቸው ያው አንድ ነው። ከቴፑ ይልቅ ለስፒከሩ ያውጣ፤ አራት ከመግዛት ሁለት ይግዛ፤ አዲስ መናኛ ከሚገዛ ያገለገለ ደህና ይግዛ። በዚያን ጊዜ የሥራ ዘመናቸውን ጨርሰው የሚሄዱ የውጭ አገር ሰዎች ዕቃቸውን ይሸጡ ስለነበር ደህና ያገለገለ ስፒከር ካዛንቺስ ይገኝ ነበር። ከውጭ ከሚገባው አዲሱ ውስጥ ፊቱ ላይ ሦስት ክብ የሚታይበት ሳጥን ሞልቶ ነበር፤ ሲከፈት ግን ሽቦ የተያያዘለት አንዱ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ለጌጥ ናቸው። ጋሽ ከድር ሳጥኑን አንስተው ክብደቱን ይመዝናሉ፤ ማግኔቱ ትንሽ ከሆነ እጃቸው ያውቀዋል። ጎኑን በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ፤ እንደ ባዶ ካርቶን ከጮኸ ይመልሱታል። ከዚያ ጣቶቻቸውን ዙሪያውን አስተካክለው ወረቀቱን ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይገፉታል። ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ የሚነካካ ከሆነ ጣት ላይ እንደ አሸዋ ይሰማል። የኔን እጅ ይዘው ይህን ሲያሳዩኝ «አትፍሪው፤ ግን አክብሪው» አሉኝ።

ትልቁ ችግራችን ቡፌ ነበር። ሰው ሁሉ ስፒከሩን ቡፌ አናት ላይ ሰቅሎ፣ ዳንቴል አልብሶ፣ ላዩ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ያስቀምጣል። አንዲት የወሎ ሰፈር እመቤት ዳንቴሉን ላንሳው ስላት ደነገጠች።

«ራቁቱን ሊሆን ነው?»

«ድምፁ ይታፈናል፣ እትዬ።»

«ይታፈን። እኔ እኮ እንግዳ ሲመጣ እንዲያየው ነው እንጂ ልሰማው አይደለም።»

ጋሽ ከድር ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ዳንቴሉን ራሳቸው አስተካክለው መለሱላት።

እኔ እነዚህን ሳሎኖች እወዳቸው ነበር። መውደዴንም ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ከሰዓት በኋላ ከማላውቀው ቤተሰብ ጋር ተቀምጬ አብሬያቸው እሰማለሁ። ልጆቹ ጭኔ ላይ ይተኛሉ፤ አባትየው ሻይ አምጡላት ይላል። ሥራው ሲያልቅ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ እወጣለሁ፤ በሩ ሲዘጋ ውስጥ ድምፁ ከፍ ሲል ይሰማኛል። ቂርቆስ ስገባ ክፍሌ ውስጥ ያለችው በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ራዲዮ ናት። ስፒከር የሚቀመጥበት ሳሎን አልነበረኝም፤ አብሮኝ የሚሰማም ሰው አልነበረም። አንድ ሁለት ሰው ለትዳር ጠይቆኝ ነበር፤ አልሆነም፤ ለምን እንዳልሆነ ማስረዳት አሁንም ያስቸግረኛል። ዓመቱ እንዲሁ ሄደ።

አሁን ወደ አቶ ይልማ ልምጣ።

አቶ ይልማ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ቤታቸው ሰንጋ ተራ፣ ገና ሠፈሩ ሳይፈርስ፣ ወለሉ ጣውላ የሆነ አሮጌ ቤት ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰለፈች ታማ አልጋ ላይ ከዋለች ቆይታለች። ብቻዋን እንዳትሆን አልጋዋን ሳሎን አውጥተውላታል። ቀኑን የምታሳልፈው በራዲዮ ነው፤ የድሮው ቴፓቸው ስፒከር ግን ተቀዶ ይንጫጫል። አቶ ይልማ ሱቅ መጥተው ያላቸውን ነገሩን፤ ብዙ አልነበረም። «አሱ ከአልጋዋ ሆና ጥርት አድርጋ እንድትሰማ ነው የምፈልገው። ሌላ ነገር አልፈልግም» አሉ።

ሁለት ጥንድ ይዘን ሄድን። አንደኛው ቡናማ፣ ፊቱ ጨርቅ የሆነ ያገለገለ ነው። ሁለተኛው ጥቁር፣ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ። ጋሽ ከድር የታመመ ሰው ስላለ አላጨበጨቡም፤ ከአልጋው ራስጌ በርጩማ ስበው ራሳቸውን ከትራሱ እኩል ዝቅ አድርገው ተቀመጡ። ቡናማውን ከፈትን። ሴት ጋዜጠኛ ከአንድ ገበሬ ጋር ታወራለች። ለእኔ እዚያው ክፍል ውስጥ ያለች መሰለችኝ።

ጋሽ ከድር ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጭጋግ አለበት።»

«አዎ፣ የታፈነ ነው» አሉ አቶ ይልማ።

ጥቁሩን አገናኘን። ሁለቱም ፊታቸው በራ። «አሁን ጥርት አለ» አሉ አቶ ይልማ። እኔ ግን ሴትዮዋ «ስ» ባለች ቁጥር ቆርቆሮ ላይ ምስማር እንደሚጎተት ነበር የሚሰማኝ።

«ጋሽ ከድር፣ ይሻክራል» አልኩ።

«የቱ ላይ?»

«‹ስ› ስትል። ‹ሽ› ስትልም።»

እንደገና ሰሙ። አቶ ይልማም ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። «እኔ አይሰማኝም» አሉ ጋሽ ከድር። «እኔም» አሉ አቶ ይልማ።

ወደ ወይዘሮ አሰለፈች ዞርኩ። «እትዬ፣ አይረብሽዎትም?»

ቀና ብላ ባሏን አየቻቸው። ስፒከሩን አቅፈው ቆመዋል፤ ላባቸው ፊታቸው ላይ፣ ደስታቸውም ፊታቸው ላይ ነው። «ኧረ ጥሩ ነው ልጄ» አለች። «ይልማ የወደደው ይሁን።»

ጥቁሩን እዚያው ትተንላቸው ወጣን። ታክሲ ውስጥ ደግሜ ተናገርኩ፤ ያ ነገር ሴትዮዋን ያደክማታል አልኳቸው። ጋሽ ከድር አልተቆጡም። «ብዙነሽ፣ ሦስት ሰው ጥሩ ነው ብሏል። ዛሬ ደክሞሽ ይሆናል» አሉኝ። እውነትም ደክሞኝ ይሆናል ብዬ ተውኩት፤ ክፍሌ ገብቼ ግን ያ «ስ» ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አቶ ይልማ ሱቅ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል። ታክሲ አስቁመው ሁለቱን ስፒከሮች አወረዱ። ወይዘሮ አሰለፈች አርፋ አርባዋ ወጥቷል።

ጋሽ ከድር ወንበር ስበው አስቀመጧቸው። ሻይ አስመጣሁ። አልነኩትም።

«ገንዘብ አልፈልግም» አሉ አቶ ይልማ። «ቤት ውስጥ ሳያቸው መቻል አቃተኝ እንጂ።» ከዚያ ነገሩን። ስታስታምማት የነበረችው የእህታቸው ልጅ ከለቅሶው በኋላ ነግራቸዋለች። እሳቸው ሲወጡ ወይዘሮ አሰለፈች «እባክሽ ዝጊልኝ» ትላት ነበር። የእሳቸው ኮቴ ደጅ ላይ ሲሰማ ደግሞ «ክፈቺው፣ መጣ» ትላለች። «‹ስ› የሚለው ነገር ግንባሯን ያማት ነበር አለችኝ» አሉ። «እኔ ደግሞ ስገባ ጎላ አደርግላት ነበር።»

ጋሽ ከድር «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ።

«አይደለም። እኔም እኮ አልሰማሁም» አሉ አቶ ይልማ፤ ተነሱ፤ ለእኔ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጥተውኝ ወጡ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ጋሽ ከድር የሱቁን በር ገርበብ አደረጉት። ከአንዱ ሳጥን ውስጥ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣውን ትንሿን ስፒከር ፈትተው ብቻዋን አገናኙ። ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ ራዲዮውን አቆሙት፤ ሽሽሽ የሚለው ብቻ ይሰማል። ማብሪያ ማጥፊያውን ሰጡኝ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙ።

«ስትከፍቺው እጄን አነሳለሁ» አሉ።

ከፈትኩ። እጃቸው አልተነሳም። ጠበቅሁ። ጥቂት ጎላ አደረግሁት። ለእኔ እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ እሳቸው ግን ግድግዳውን እያዩ ቆመዋል።

«አልከፈትሽውም?» አሉ።

«ክፍት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

ከዚያ መጥተው ማብሪያውን ከእጄ ተቀብለው አጠፉት። «ዕድሜ ነው» አሉ። «መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭኑ ነው ሲባል እሰማ ነበር። የእኔ የሄደ አልመሰለኝም።» «ከነገ ጀምሮ ሳጥኑን የማንኳኳው እኔ ነኝ፤ የምትሰሚው አንቺ ነሽ። ሰው ሁሉ ጥሩ ነው ቢል እንኳ አንቺ ይሻክራል ካልሽ ይሻክራል።»

«እርስዎ ጥሩ ነው ቢሉስ?»

«እኔም ብል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ሹመት ነው ብሎ ይደሰት ይሆናል። እኔ ያን ዕለት ወደ ቂርቆስ በእግሬ ነው የሄድኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ነገር ሰምተን ዓይን ለዓይን የምንተያይ ሁለት ሰዎች ነበርን። አሁን ስሰማ ዞሬ የማየው ሰው የለም። ቀና ስል እሳቸው የእኔን ፊት እያዩ ነው፤ መልሱን የሚያነቡት ከእኔ ነው።

ከወይዘሮ አሰለፈች በኋላ አሠራራችን ተለወጠ። ሳሎን ስንገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውለው ማን እንደሆነ ነው። ስንሞክር ደግሞ ከፋዩን ሰውዬ በሆነ ሰበብ ከክፍሉ አስወጣዋለሁ። ገመድ ያምጣልኝ፣ የቆጣሪውን ፊውዝ ይይልኝ እላለሁ። እሱ ሲወጣ ሚስቲቱን ወይም እናቲቱን «አሁን እውነቱን ይንገሩኝ» እላለሁ። ስንቱን ነገር ሰማሁ። አንዷ ካዛንቺስ ያለች አዲስ ሙሽራ «እኔ በቃ ሲጠፋ ነው ደስ የሚለኝ፤ እንዳትነግሪው» አለችኝ። ባልየው ሲመለስ ከሁሉ ትንሹን መረጥንለትና ለሁለቱም የሚሆነው እሱ ነው አልነው። ዓመት ቆይቶ ሲያገኘኝ አመሰገነኝ።

ሠርተን የበላንባቸው ደህና ዓመታትም ነበሩ። ካሴት ሄዶ ሲዲ መጣ፣ ቀጥሎ ሆም ቲያትር የሚባለው መጣ። ሰው አምስት ትንንሽ ሳጥን በአንድ ካርቶን ገዝቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በብሎኬት ግድግዳ ያ ሁሉ ሲጮህ ጎረቤት ይጣላል። እኛ «ሁለት ደህና ይግዙ» ስንል «ኋላ ቀር ናችሁ» ይሉን ጀመር። ጋሽ ከድር አይከራከሩም። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ወፍራሙንም ድምፅ እየሳቱት መጡ። ደንበኛ ሲያወራ እኔ ጮክ ብዬ እደግምላቸዋለሁ፤ እሳቸው የሰሙ ለመምሰል ፈገግ ይላሉ። አንድ ጠዋት ሱቁን ለወንድማቸው ልጅ ለሙባረክ አስረክበው ወሎ ሰፈር ልጃቸው ዘይነባ ጋ ሊኖሩ ሄዱ። ሙባረክ ጨዋ ልጅ ነው፤ እኔን አላስወጣኝም። ግን መደርደሪያው ላይ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር እየበዛ፣ ስፒከሩ ወደ መጋረጃው ጀርባ እየተገፋ ሄደ። በመጨረሻ ቦታው ለሕንፃ ተፈለገ። እኔም አረፍኩ።

ኮንዶሚኒየም የደረሰኝ በዚያው ሰሞን ነው፤ ሰንጋ ተራ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሎን አገኘሁ። አንድ ሶፋና አንድ ጠረጴዛ አስገባሁበት፤ ስናገር ድምፄ ይመለስብኛል። የምናገረውም ነገር ብዙ አልነበረም።

ጋሽ ከድርን በየጊዜው እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ዘይነባ ቤት ሰው ይበዛል፤ ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ ትልቅ ቴሌቪዥን። ሁሉም ይወዳቸዋል፤ ትራስ ያስደግፏቸዋል፣ ይስሟቸዋል። ወሬው ግን ከራሳቸው በላይ ነው የሚያልፈው። እሳቸው መሐል ተቀምጠው ፈገግ ይላሉ። ስገባ ብቻ በርጩማዋን በቀኛቸው በኩል ይስቡልኛል፤ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ሳወራ ይሰሙኛል።

አንድ ቀን «ቤትሽ ምን ገዛሽ?» አሉኝ።

«ሶፋ።»

«ለመስማትስ?»

«ራዲዮዋ አለች።»

«ዕድሜሽን ሙሉ ለሰው መርጠሽ» አሉና ተነሱ። «ዘይነባ፣ ጫማዬን።»

ዘይነባ «አባዬ፣ ወዴት?» ብትል «ሥራ አለን» አሏት።

እሷው መኪና ይዛ ስታዲየም አካባቢ አደረሰችን። ሱቆቹ ውስጥ ያለው ሁሉ መብራት የሚያበራ፣ እንደ ሻንጣ እጀታ ያለው፣ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ነው። አንድ ወጣት ሻጭ አንዱን አጉልቶ ከፈተልን፤ ጋሽ ከድር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ልቤን መታኝ» አሉ። በመጨረሻ አንዲት ጥግ ላይ ያለች ሱቅ ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ሥር፣ ጥንድ ያገለገለ የእንጨት ሳጥን አገኘን። ሻጩ ለመሸጥ ያወጣው አይመስልም፤ «እነዚህ እኮ አሮጌ ናቸው» አለን። ጋሽ ከድር አጎንብሰው አንዱን ለማንሳት ሞከሩ፤ አቃታቸው፤ አብረን አነሳነው። «ከባድ ነው» አሉ ደስ ብሏቸው። ጎኑን አንኳኩ። ጣቶቻቸውን ዙሪያውን አድርገው ወረቀቱን ገፉት። «እጄ ላይ አሸዋ የለም። አሁን ያንቺ ነው» አሉኝ። ዜና አስከፈትኩ። ሰማሁ። ካለኝ አቅም በላይ አልነበረም። ከአንድ ያገለገለ ቴፕ ጋር ገዛሁት።

ሰንጋ ተራ ደረጃውን ቀስ እያልን ወጣን። ሳሎኔ መሐል ቆመው አንድ ጊዜ አጨበጨቡ። ምን እንደሰሙ አላውቅም፤ ምናልባት ምንም። «ምን አለ?» አሉኝ።

«ይመልሳል። ባዶ ነው።»

«ምንጣፍና መጋረጃ አድርጊበት። ስፒከሩን ከግድግዳው አርቂው። ሰውም ይግባበት፤ ሰው ድምፅ ይጠጣል።»

ከፈትኩት። እሳቸው ሶፋው ላይ አልተቀመጡም፤ ወለሉ ላይ ተንበርክከው መዳፋቸውን ሳጥኑ ላይ ጣሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ማን ነው የሚያወራው?»

«ሴት ናት» አልኳቸው ጆሯቸው ሥር።

«ምን ትላለች?»

ስለ ዝናብ ነበር የምታወራው፤ ዘንድሮ ስለ ዘገየው ዝናብ። የምትለውን እየተከተልኩ ነገርኳቸው፤ እሷ ስታቆም አቆማለሁ፣ ስትቀጥል እቀጥላለሁ። አንዳንዴ «እህ» ይላሉ። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ድረስ እንዲያ ሰማን። ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ ትጠብቃለች፤ አላቋረጠችንም።

በዚያው ዓመት አረፉ። እኔ የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው፤ ሙባረክ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «አልነገሩሽም እንዴ?» አለኝ። ማን ይነግረኛል። ዘይነባ ያን ቀን የምታስበው ብዙ ነገር አላት፤ አልፈርድባትም።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወሎ ሰፈር ሄድኩ። ደጁ በወንዶች ተሞልቷል። ሴቶቹ ካሉበት ክፍል ገባሁ፤ ጫማዬን በር ላይ አወለቅሁ። ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ እህት አለች፣ የእህት ልጅ፣ የአጎት ሚስት፣ ከስልጤ የመጡ ዘመዶች። ሁሉም ቦታውን ያውቃል። ዘይነባ ከውስጠኛው ክፍል ናት፤ አላየችኝም። እኔ በሩ ሥር ቆምኩ።

አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴትዮ ቀና ብለው አዩኝ። «ምናቸው ነሽ?» አሉ፤ በክፋት አይደለም፣ የት እንደሚያስቀምጡኝ ለማወቅ ነው።

ገንዘብ ያዣቸው ልል ነበር፤ አላልኩም። ጆሯቸው የሚልም መጥቶልኝ ነበር፤ እሱንም ተውኩት።

«ካዛንቺስ አብረን እንሠራ ነበር» አልኳቸው።

«ለብዙ ጊዜ?»

«ለብዙ ጊዜ።»

ሴትዮዋ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ። ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ።